የዕድሩ ገጽ የጠፋበት ሰሞን

ቢቸና ውስጥ የዌብሳይት ማስቀመጫ ቦታ ማከራየት ስጀምር ሥራዬን በስሙ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ክፍሏን የተከራየሁት ከአንዲት ባልቴት ግቢ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ ትንሽ የምታቆይ ባትሪና የመጻሕፍት መደርደሪያ አስገባሁ፤ በዚያው አለቀ። አከራዬ ሳምንት ሳይሞላኝ በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ቃኙ።

«ልጄ፣ ሥራ ልከፍት ነው ብለሽኝ የለ? ዕቃው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ዕቃ የለውም እማማ። ቦታ ነው የማከራየው።»

«የት ያለ ቦታ?»

«ባሕር ማዶ። ሰዎች ጽሑፋቸውንና ሥዕላቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ፤ ሌላው ሰው በስልኩ ገብቶ ያያል።»

«አንቺስ አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

ነጠላቸውን አጣፉና «እንግዲህ እኔስ ያላየውን ቦታ የሚያከራይ ደላላ እንኳ ሰምቼ አላውቅ» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ለእሳቸው ቀልድ ነበር። እኔ ግን በሩን ዘግቼ በፍርሃት ተቀመጥኩ፤ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበርና።

ሰርቨር ማለት ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። የራሴን መግዛት አልችልም፤ ብገዛም የቢቸና መብራት አያኖረውም። ስለዚህ በማላውቀው አገር ካለ ኩባንያ በወር ጥቂት ቦታ ተከራይቼ፣ እንደ ገበያ መደብ ሸንሽኜ ለሌላ አከራያለሁ። ክፍያውን የሚያደርስልኝ ካርድ ያለው አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። እሱ አንድ ቀን ቢረሳ፣ ቢታመም፣ ስልኩን ቢዘጋ፣ የእኔም የደንበኞቼም መደብ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ኔትወርክ ለወራት በጠፋበት ጊዜ ደግሞ የራሴን ሥራ ራሴ ማየት አልችልም ነበር። እዚያ ማዶ ቆሞ ይሁን ወድቆ ሳላውቅ አድር ነበር።

ፍርሃቱን ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት ሕፃናቱ መምህር የመጣች መስሏቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ። ከኋላ ወንበር ሄጄ ስቀመጥ ነው ጉዱን ያወቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ስናገር ሦስት ጊዜ ሳላጣራ አልናገርም። ከተሳሳትኩ የሚሳቀው በስሕተቱ ሳይሆን በእኔ መሆኑን ተምሬአለሁ።

ማታ ትምህርት ስደርስ ግን አንዲት ጓደኛ አገኘሁ። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ቀን ቀን አባቷን ትረዳ ስለነበር ነው ማታ የምትማረው። እናቷን ገና ሳታውቃት ስላጣች ያሳደጓት አባቷ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ይዘን ጨረስን። እሷ ጤና ተምራ ሞጣ ተመደበች፤ እኔን ደግሞ «አንቺ ከሰው ይልቅ ከወረቀት ጋር ነው የምትስማሚው፤ ኮምፒውተር ተማሪ» ብላ ቴክኒክና ሙያ አስመዘገበችኝ።

አባቷ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ነበሩ። ሥራዬን ሥራ ያሰኙት እሳቸው ናቸው።

የዕድሩ አባላት ተበትነው ነበር። ሞጣ ያለ አለ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ አለ፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ የተሻገረ አለ። የጥሩንባ ነፊያችን ድምፅ ለእነሱ አይደርስም። በየቀብሩ «አልሰማሁም» የሚል ሰው በዛ፤ ያልሰማ ደግሞ ያልቀበረ ነው፤ ያልቀበረም ይቀየማል፣ ያስቀይማል። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ችግሩን ሲነግሩኝ አንድ ገጽ ሠራሁላቸው። ጸሐፊው መርዶውን ሲጽፉበት፣ የእያንዳንዱ አባል ስልክ ዳታ ባገኘ ቁጥር ራሱ ወደ ሰርቨሬ ሄዶ አዲሱን ነገር ይዞ ይመጣል፤ ይጮኻልም።

በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ አቁመው ጠየቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ የኛ ጥሩንባ ነፊ ዝናብ ሆነ ሐሩር ሆነ ቀርቶ አያውቅም። ይሄ ያንቺው ይቀራል?»

«አይቀርም፣ አባባ።»

«አንድ ቀን ቢቀርስ?»

አፌን ሳልከፍት ዳኛው ከወንበራቸው ሆነው መለሱልኝ። «ዋሷ እኔ ነኝ። ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረች ናት። ያላጣራችውን አትናገርም።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝና «እንግዲያው ከቀረ ከአንቺ ጋር እኛም እንቀራለን» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ውሉ ግን ያ ነበር።

ዕድር ያመነውን ማን ይጠረጥራል? ከዚያ በኋላ አንድ የማር ነጋዴ መጣ፤ ሞጣ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ሌሎችም ጥቂት። ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የዕድሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ? ጠፍቶ ያውቃል?» እኔም «አያውቅም» እላለሁ። ሌላ የምሸጠው ነገር አልነበረኝም።

ስለ ጥሩንባ ነፊው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ማልዶ በየሰፈሩ ሲዞር፣ አራስ ያለችበት ደጃፍ ሲደርስ ጥሩንባውን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ራቅ ካለ በኋላ እንደገና ይነፋል። ያዘዘው ሰው የለም። አራስ መርዶ አትሰማም፤ ያውቃል፣ ያልፋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ አስቤው አላውቅም ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ጓደኛዬ ወለደች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ወንድ። ምጡ ክፉ ነበር፤ ብዙ ደም ፈስሷት ከሞት ነው የተመለሰችው። ላፕቶፔን ይዤ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄድኩና ቤቷ ሰነበትኩ። ባሏ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ቀን ቀን ገጠር ነው፤ የሚያርሷት የባሏ እናት ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን የማይደግሙ ሴት።

አንድ ሌሊት በወጀብ የጠፋው መብራት ጠዋትም አልመጣም። የጓደኛዬ ስልክ ከሌሊት ጀምሮ ሞቶ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። እሷ ትራስ ተደግፋ ታጠባለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ስልኬ ጮኸ። የዕድሩ ገጽ ነበር።

ጽሑፉ የጸሐፊው ነው፤ እንደ ወትሮው ጥንቅቅ ያለ። የዕድራችን ዳኛ ዛሬ ንጋት ላይ በድንገት ዐርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው፤ የሩቅ አባላት እንድትደርሱ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ማንበብ አልቻልኩም።

«ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች።

«ሰርቨሩ ነው።»

«አይ አንቺ! እኔን ምጥ ሲምረኝ አንቺን ሰርቨር ሊገድልሽ?» ሳቀችና ወገቧን ያዘች፤ መሳቅ ገና ያማታል። «መብራት ሲመጣ ስልኬን አቀብዪኝ። አባቴ ጋ እደውላለሁ። የልጁን ስም አወጣለሁ ብሎ ይኸው እስካሁን ይራቀቃል።»

መጽሐፉን አጥፌ ወጣሁ። የባሏ እናት ማድ ቤት አጥሚት ያማስላሉ። ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። ማማሰያው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«ስልኬ። የእሷም ስልክ መብራት ሲመጣ ይነግራታል።»

«ስልክ እንዴት ብሎ?»

«እኔ ነኝ እንዲናገር የሠራሁት።»

ቀስ ብለው ማማሰል ጀመሩ፤ አጥሚቱ እንዳያር። እንባቸው ይወርዳል፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። «ደም ሳይተካላት ይሄን ከሰማች አንሥቼ አላተርፋትም።»

«ስልኩን ልደብቀው?»

«ከዓይኗ ሥር? ለምን ብላ አትጠይቅም? የጤና ሰው ናት እኮ፤ ፊታችንን ታነባለች። ስሚ ልጄ፣ ሰው ለእኔ ተይልኝ። ባሏን እነግረዋለሁ፤ ዘመዱን እሱ ይይዘዋል፤ ሰው ዝም ማለት ያውቃል። አንቺ ያንቺን ነገር ዝም አሰኚልኝ።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ላፕቶፔን በነጠላዬ ጠቅልዬ ኔትወርክ ደኅና ይይዛል ወደሚባለው ከፍታ በጭቃው ላይ ተጣደፍኩ። ጽሑፉን ማንሣት የሚችሉት የይለፍ ቃሉን የያዙት ጸሐፊው ብቻ ናቸው። እንዲህ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱን አከራያለሁ እንጂ ሣጥን አልከፍትም ብዬ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ደወልኩላቸው፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ። አስከሬን ካለበት ቤት ስልኩን የሚከፍት ጸሐፊ የለም።

በእኔ እጅ ያለው በሩን መቆለፍ ብቻ ነበር፤ የዕድሩን ገጽ በሙሉ ማገድ። አንድ ቁልፍ ነው፤ ኪራዩን ያልከፈለ ደንበኛ የሚታገድበት። ተጭኜው አላውቅም። ከተጫንኩት ደግሞ ያላዩት አባላት ሁሉ የቀብሩን ሰዓት አያዩም፤ የዋሴ የቀብር ዕለት፣ «አይቀርም» ያልኩት ነገር ይቀራል።

ግንብ ሥር ተቀምጬ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ገጹ እየተንቀረፈፈ መጣ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛነት ርቆኝ አያውቅም። ተጫንኩት። ዳታው ተቋረጠ። ይሥራ አይሥራ ሳላውቅ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሻይ ቤት አምፖሉ ቦግ አለ፤ ቴፑም ካቆመበት ዘፈኑን ቀጠለ።

መብራት መጥቷል።

እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። አንድ ጫማዬን ጭቃ ውስጥ ትቼ እንደሄድኩ በኋላ ነው ያየሁት። በሩን ስከፍት ስልኩ እጇ ላይ ነበር፤ ብርሃኑ ፊቷን ያበራዋል። የባሏ እናት ልጁን ታቅፈው ቆመዋል፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«ኧረ ምን ሆነሻል?» አለች ቀና ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ እንደሚራራ ሰው፣ «ሰርቨሩ ያልሽው እውነትሽን ነው ለካ። የዕድራችን ገጽ አልከፍት አለኝ። ጠፍቷል።»

«አዎ» አልኩ። «ጠፍቷል።»

የባሏ እናት ልጁን መልሰው አሳቀፏትና «አባትሽ ጠበል ገብተዋል አሉ፤ ከቢቸና መልእክት መጥቶ ነበር፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» አሏት። ቅር አላት፤ ግን አመነች።

ጸሐፊው የደወሉልኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ጓሮ ወጥቼ አነሣሁት። «አንቺ! ዛሬ? ዛሬ ይጠፋል? በዳኛው ቀን?»

«አልጠፋም ጋሼ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልጃቸው አራስ ናት።»

ከበስተኋላቸው የሙሾ ድምፅ ይሰማል። «ወይ እኔ...» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ለአባል ሁሉ ብዬ... ጥሩንባ ነፊው እኮ እያየሁት ነው ደጃፍ ዘሎ የሚያልፈው።»

ማምሻውን የዕድሩ ሹማምንት ተማክረው በእሳቸው ስልክ አነጋገሩኝ። ጽሑፉን አንሥቶ ገጹን መክፈት አይበጅም ተባለ፤ ገጹ ከተከፈተ ከሥሩ ባለው አስተያየት መስጫ ነፍስ ይማር የማይል አባል የለምና። መርዶው እስኪነገራት ዝግ ይሁን፤ አባላቱ ለምን ሲሉ ተበላሽቷል እንላለን፤ ምክንያቱ ከወጣ ሞጣ ለመድረስ አንድ ሚኒባስ ይበቃዋል። ያ ከዘራቸውን ያቆሙት ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው «ስምሽን ነው የምንወስደው ልጄ። ትችይዋለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። አላጣራሁትም።

ዋሴን አልቀበርኳቸውም። ብሄድ ወዴት ትለኛለች? ከቢቸና ከመጣ ሰው እንደሰማሁት ከሩቁ ጥቂት ሰው ነው የደረሰ፤ ያልደረሱት በእኔ ላይ ያላሉት ነገር የለም። ቢቸና ስመለስ ገና ከመናኸሪያው ዓይኖች ይከተሉኝ ጀመር። አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጮክ ብሎ «ጥሩንባችንን ነጥቃ በቁማችን አሳፈረችን!» አለ። ሌላው «ድሮስ በስተርጅና የተማረ!» ብሎ ጨመረለት። የሞጣው ትምህርት ቤት ገጹን ወደ ሌላ አዛወረ። የማር ነጋዴው መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?»

«ተበላሸ በቃ።»

«ሌላ ጊዜ አንድ ነገር ስጠይቅሽ ከነሥሩ ነው የምትነግሪኝ። አሁን በቃ?»

«አዎ።»

«የእኔም እንዲህ ይሆናል?»

አይሆንም ብል ለምን የዕድሩ ሆነ ይላል። ላፕቶፔን ከደንኩ። ተነሥቶ ሄደ። አከራዬ እንኳ «ያ የማይታየው ቦታሽ ተናደ አሉ» ብለው በሩ ላይ ቆሙና ፊቴን ሲያዩ ሳይስቁ ተመለሱ። በማለዳ ስነቃ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ነበር። የምፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ሥራዬ ማለቁና አንድ ያልታሰበ አፍ ሞጣ መድረሱ። የትኛውን አብልጬ እንደምፈራ ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ በየቀኑ አንድ አልነበረም።

ጓደኛዬ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። «ዛሬም ሞከርኩት፤ አልተከፈተም። አይዞሽ። ከማታ ትምህርት አይከብድም። አባቴ ከጠበል ሲወጣ ለዕድሩ ይነግርልሻል፤ እሱ እያለ ማንም አይነካሽም።» እኔ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ይዤ እስትንፋሴን እጠብቃለሁ።

በአርባ ቀኑ ልጁ ክርስትና ተነሣ። ስሙን ቄሱ አወጡለት። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ከቢቸና ሞጣ ሄዱ፤ እኔም አብሬ። ገና ሳይነጋጋ ደጃፉ ላይ ቆምን፤ ጋቢ ለብሰው በዚያ ሰዓት የተሰለፉ ሰዎችን ያየ ሁሉ ያውቃል። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ማንም አፉን ሳይከፍት እጇን ራሷ ላይ ጣለች።

የለቅሶውን ነገር አልጽፍም።

ቀትር ላይ፣ ሰዉ ጋብ ሲል፣ ፍራሹ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ድምፅዋ ጠፍቷል፤ በሹክሹክታ ነው የምትናገረው።

«ያን ቀን ነው?»

«ያን ቀን።»

«ሰርቨሩ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ነበር የምፈራው» አለች። «እያጠባሁ ገጹን እሞክራለሁ፤ እንቢ ሲል እመቤቴን እለምናለሁ፤ ሥራዋን ክፈችላት እያልኩ። ለአባቴ አንድ ቀን አልለመንኩም። ደኅና ነው ብዬ።» ከዚያ እጄን ያዘችና «አሁን ክፈችው» አለች።

«ቆይ፣ ነገ...»

«አሁን። የተጻፈለትን ላየው እፈልጋለሁ።»

ላፕቶፑን አወጣሁ። እግዱን አነሣሁ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ትራሷ ሥር ያለው ስልክ ጮኸ፤ ወዲያው ግድግዳው ጥግ የተቀመጡት የሽማግሌዎቹ ስልኮች አንዱ ከአንዱ እየተቀባበሉ ጮኹ። ያ ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ደንግጠው ጋቢያቸውን ጨበጡ፤ ስልካቸውን ውስጡ አፍነው ያዙት።

እሷ አነበበችው። የአባቷን ስም፣ ንጋት ላይ የሚለውን፣ ነገ በስድስት ሰዓት የሚለውን፣ የሩቅ አባላት እንድትደርሱ የሚለውን። ጨርሳ ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ልጁ ከጓዳ አለቀሰ።

«ስጪኝ ልጄን» አለች።